በማን ተሠራ? በማንስ ተወሰደ?

የእንግሊዝኛን ተደራጊ ግሥ በሥነ ጥበብና በሙዚየም ቃላት ስለ ማስተማር
(በሰቆጣ ለተሰበሰቡ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። ከእንግሊዝኛ ሰዋስው ምዕራፎች አንዱን፣ ይኸውም ተማሪዎቻችን «ፓሲቭ ቮይስ» እያሉ የሚጠሩትን ተደራጊ ግሥ፣ በሥነ ጥበብና በሙዚየም ቃላት አማካይነት እንዴት ልናስተምረው እንደምንችል ለማሳየት ነው። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፤ ተደራጊ ግሥ ድርጊቱን እየተናገሩ አድራጊውን ለመጥራትም ላለመጥራትም ፈቃድ የሚሰጥ የአነጋገር ሥልት ነው። ተማሪው በዚህ ፈቃድ መቼ እንደሚጠቀም፣ ሌላውም ሰው ሲጠቀምበት ለምን እንደ ተጠቀመበት መጠየቅን ካልተማረ፣ ቅርጹን ቢያውቅም ሥልቱን አላወቀም። ይህን ጥያቄ ለመለማመድ ደግሞ ከሙዚየም መግለጫ የተሻለ ጽሑፍ አላገኘሁም።

ይህ ነገር ለአዲስ አበባ መምህር እንጂ ለዋግ ኽምራ መምህር የሚመች አይደለም የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ የአዲስ አበባው ተማሪ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ወይም በስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም በእግሩ ሄዶ በመስተዋት ውስጥ የተቀመጠውን ቅርስና ከሥሩ የተጻፈውን መግለጫ ለማንበብ ይችላል። ነገር ግን ቅርሱ ራሱ ከየት እንደ ሄደ ብንጠይቅ፣ አብዛኛው ከእንደዚህ ያለው ደጋ አገር የሄደ ነው። ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በውስጡም የዋግሹሞች እንደ ሆነ የሚነገርለት የደረቀ አስከሬን ተጠብቆ ይገኛል። በደቡብ በኩል ላስታና የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ጎረቤቶቻችን ናቸው። በየቤቱ ሞሰብ፣ ጀበና፣ ቅልና የቀንድ ዋንጫ አለ። የጎደለን ቅርሱ አይደለም፤ ከቅርሱ ሥር የሚጻፈው መግለጫ ነው።

ልማደኛው አቀራረብና ጉድለቱ

በክፍሎቻችን የተለመደው አቀራረብ ለሁላችሁም የታወቀ ነው። መምህሩ «አበበ መስኮቱን ሰበረ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ተሳቢውን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ «ዋዝ» የሚለውን ረዳት ግሥ ያስገባል፤ ዋናውን ግሥ ወደ ሦስተኛ ቅርጹ ይለውጣል፤ አበበንም በ«ባይ» አስከትሎ ከኋላ ያስቀምጠዋል። ተማሪውም ሃያ ዓረፍተ ነገር በዚሁ መንገድ ይገለብጣል።

ይህን ልምምድ አላቃልለውም። ቅርጹን በእጅና በአንደበት ያስለምዳል፤ በፈተናም ዋጋ አለው። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አንድ ነገር ብቻ እንደሚናገሩ፣ ሁለተኛው የፊተኛው ግልባጭ ብቻ እንደ ሆነ ለተማሪው ያሳምነዋል። ሁለተኛው፣ ተደራጊ ግሥ ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ በ«ባይ» መጨረስ እንዳለበት ያስመስላል። በእንግሊዝኛ መጻሕፍትና ጋዜጦች ውስጥ የምናገኛቸው ተደራጊ ግሦች ግን አብዛኞቹ አድራጊያቸው ያልተጠራ ናቸው። እንግዲህ ተማሪው ከሁሉ ይልቅ የሚያጋጥመውን ዓይነት ከሁሉ ያነሰ ተለማምዶታል ማለት ነው።

ሙዚየም ይህን ጉድለት በተፈጥሮው ያርመዋል። በአንድ መስቀል ፊት የቆመ ሰው የሚጠይቀው ስለ መስቀሉ ነው። ከምን ተሠራ? መቼ ተሠራ? የት ተገኘ? እንዴት እዚህ ደረሰ? የንግግሩ ባለቤት ዕቃው ስለ ሆነ፣ ተደራጊ ግሥ ማንም ሳያስገድደው በራሱ ይመጣል። ተማሪው አንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ ሌላው መገልበጥ አያስፈልገውም፤ ከመነሻው የሚናገረው ስለ ዕቃው ነውና።

ተማሪው ከቤቱ ይዞት የሚመጣው እውቀት

ተማሪያችን ወደ ክፍል የሚገባው ባዶ እጁን አይደለም። በቅኔና በግእዝ ትምህርት ያለፈ ሰው የግሥ አዕማድን ያውቃል፤ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊ እያለ ያወርዳቸዋል። በዚያ ትምህርት ያላለፈውም ቢሆን ሳለና ተሳለ፣ ፈለፈለና ተፈለፈለ፣ ሰረቀና ተሰረቀ እያለ በየቀኑ ይናገራል። ስለዚህ የተደራጊነትን ትርጉም ማስተማር አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን የእርሱ ቋንቋና እንግሊዝኛ የሚለያዩበትን ቦታ ማሳየት ነው። እነዚህም ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የ«ተ» ጉዳይ ነው። በአማርኛ በ«ተ» የሚጀምር ግሥ ሁሉ ተደራጊ አይደለም። ተቀበለ፣ ተናገረ፣ ተማረ፣ ተቀመጠ የሚሉት ግሦች «ተ»ን ይዘው አድራጊዎች ናቸው። «ሙዚየሙ ስጦታውን ተቀበለ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተማሪው በ«ዋዝ ሪሲቭድ» ሲተረጉመው፣ ሙዚየሙ ተቀባይ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ሌላ ሰው የተቀበለው ስጦታ ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ «ነገሠ» የሚለው ግሥ በእኛ ዘንድ አድራጊ ሲሆን በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ «ዋዝ ክራውንድ» ተብሎ በተደራጊ ይነገራል።

ሁለተኛው የ«በ» ጉዳይ ነው። የዋግ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ታሪክ ምሳሌ ላድርግ። ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ ከዚያም በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ ይኸውም በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በተባሉት፣ ተሸነፉ። በሐምሌ፣ በዓድዋ፣ በካሣ፤ «በ» ሦስት ጊዜ ተነግሯል፤ አንዱ ጊዜን፣ አንዱ ቦታን፣ አንዱ አድራጊን ያሳያል። እንግሊዝኛ ለሦስቱ የተለያዩ ቃላት አሉት፤ «ባይ»ን የሚሰጠው ለካሣ ነው። በዚህ ላይ መሣሪያው ይጨመራል። «ሥዕሉ በመነኩሴው በብሩሽ ተሳለ» ስንል መነኩሴው «ባይ»ን፣ ብሩሹ «ዊዝ»ን ይወስዳል። ብሩሹ ራሱ ተነሥቶ እንደ ሳለ አድርገው የሚጽፉ ተማሪዎች ብዙ መሆናቸውን ታውቃላችሁ። ስሕተቱ ከግድየለሽነት የመጣ አይደለም፤ ከ«በ» የመጣ ነው።

ሦስተኛው አማርኛ ተደራጊ ግሥ ሳይጠቀም አድራጊውን የሚተውበት መንገድ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. በሐዳር የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላት የሚነገርላትን ቅሪተ አካል የውጭ ሰዎች «ሉሲ ይሏታል»፤ እኛ «ድንቅነሽ እንላታለን»። «እንዲህ ይሉታል» ስንል የሚሉትን ሰዎች መቁጠር አንችልም፤ አድራጊው ስም የለሽ ብዙኃን ነው። እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ የሚመርጠው «ኢዝ ኮልድ» የሚለውን ተደራጊ ነው። ተማሪው ይህን ሲረዳ «ይሉታል»፣ «ይተርኩታል»፣ «ያከብሩታል» የሚሉት የቤቱ አነጋገሮች ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ የሚገቡበትን በር ያገኛል።

አራተኛው «ተሰበረ» የሚለው ዓይነት ግሥ ነው። ጋኑ በራሱ ቢሰበርም፣ ሰው ቢሰብረውም፣ አማርኛ «ተሰበረ» ይላል። እንግሊዝኛ ግን ይለያል፤ በራሱ ሲሆን «ብሮክ»፣ ሰው እንደ ሰበረው ሲታሰብ «ዋዝ ብሮክን» ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ አነጋገር ከድርጊቱ ጀርባ ሰው እንዳለ ያስታውሳል፤ ሌላው ሰውን ጨርሶ ያስወጣል።

በዋግ ያሉ ብዙ ልጆች ደግሞ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ይሆንባቸዋል። ኽምጣንጋ ከኩሽ ቤተሰብ የአገው ቅርንጫፍ ስለ ሆነ፣ ግሡን የሚለውጠው በአብዛኛው በመጨረሻው ላይ በሚቀጠል ቅጥያ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ልጆች «ተ»ን ፈልጉ ብሎ ማስተማር እንግሊዝኛን በሰው ቋንቋ በኩል ማስተማር ይሆናል። ኽምጣንጋን የምትናገሩ መምህራን፣ የሠራን ከተሠራ፣ የሰበረን ከተሰበረ የምትለዩበትን ቅጥያ በሰሌዳው አንድ ዓምድ፣ አማርኛውን በሁለተኛው፣ እንግሊዝኛውን በሦስተኛው ብትጽፉት፣ ልጁ ሦስቱም ቋንቋዎች አንድ ሥራ በሦስት መንገድ እንደሚሠሩ በዓይኑ ያያል።

ሦስቱ ዝምታዎች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። አንድ ጸሐፊ ተደራጊ ግሥ ተጠቅሞ «በማን» የሚለውን ሳይመልስ ሲያልፍ፣ ያ ዝምታ ከሦስት ምክንያቶች በአንዱ የመጣ ነው። አድራጊውን መጥራት ስለማያስፈልግ፣ አድራጊው ስለማይታወቅ፣ ወይም አድራጊው እንዲታወቅ ስላልተፈለገ። የሙዚየምን ቃላት በእነዚህ ሦስት ዝምታዎች ከፍሎ ማስተማር ይቻላል።

የመጀመሪያው ዝምታ የሥራ ዝምታ ነው። ብራና እንዴት እንደሚዘጋጅ እንመልከት። የፍየሉ ቆዳ ለጥቂት ቀናት በውኃ ይነከራል፤ በእንጨት ክፈፍ ላይ በገመድ ይወጠራል፤ ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፤ ጠጉሩ ይነሣል፤ ገጹ እስኪለሰልስ ይታሻል፤ በልኩ ይቆረጣል፤ መሥመር ይሰመርበታል። ከዚያም በመቃ ብዕር፣ ዋናው ጽሑፍ በጥቁር፣ የከበሩት ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። በእንግሊዝኛ «ኢዝ ሶክድ»፣ «ኢዝ ስትሬችድ»፣ «ኢዝ ስክሬፕድ»፣ «ኢዝ ከት»፣ «ኢዝ ሩልድ»፣ «ኢዝ ሪትን» እያልን በአሁን ጊዜ ተደራጊ ግሥ ደረጃ በደረጃ እንሄዳለን። በዚህ ሁሉ ውስጥ «ባይ» አንድ ጊዜ እንኳ አያስፈልግም፤ ማንም ብራና ፋቂ የሚያደርገው ነውና። ዝምታው ንጹሕ ነው። ጠላ አጠማመቅ፣ የሸክላ አሠራር፣ የማር ቆረጣም በዚሁ መልክ ለትምህርት ይሆናሉ። ልጁ ሥራውን በቤቱ ስላየው፣ የሚፈልገው ቃሉን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዝምታ የአለማወቅ ዝምታ ነው። የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ድንጋይ የጠረቡት ሰዎች ስም በበሩ ላይ አልተቀረጸም። አብዛኞቹ የቀድሞ ሠዓሊዎቻችንም ስማቸውን በሥዕላቸው ላይ አልጻፉም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው መነኩሴ ፍሬ ጽዮን፣ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ መገኘቱ እንደ ብርቅ የሚቆጠረው ስለዚህ ነው። ሥራው በእርግጥ የእርሱ የሆነውን «ዋዝ ፔይንትድ ባይ ፍሬ ጽዮን» እንላለን። በአሣሣሉ ስለሚመስል ብቻ ለእርሱ የሚሰጠውን ግን «ኢዝ አትሪቢዩትድ ቱ ፍሬ ጽዮን» እንላለን። ዘመኑ በግምት ሲነገር «ኢዝ ዴትድ ቱ»፣ ትውፊት ሲሆን «ኢዝ ሰድ ቱ» ወይም «ኢዝ ቢሊቭድ ቱ» የሚሉት ቃላት ይመጣሉ። እነዚህ የጥንቃቄ ቃላት ናቸው። የመስቀለ ክርስቶስ አስከሬን የዋግሹሞች ነው ብሎ በቀጥታ ከመጻፍና የዋግሹሞች እንደ ሆነ ይነገራል ብሎ ከመጻፍ የትኛው ለእውነት እንደሚቀርብ ተማሪው ራሱ እንዲፈርድ ማድረግ ይገባናል። ትውፊትን ማክበርና ትውፊትን ከማስረጃ መለየት አብረው ሊሄዱ የሚችሉ መሆናቸውን ይህች አንዲት የሰዋስው ቅርጽ ታስተምረዋለች።

ሦስተኛው ዝምታ የመሸፈን ዝምታ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1868 እ.ኤ.አ.፣ በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሮቹ ግምጃ ቤቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፉ። ዝርፊያውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። በደላንታ ሜዳ ጨረታ ተደረገ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከጦሩ ጋር ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ብዙ ዕቃ ገዛ። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ የሚገኙት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። የክርስቶስን የእሾህ አክሊል የሚያሳየውን፣ ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን ሥዕል ሆልምስ ለራሱ አስቀረው።

አሁን ከዚህ ታሪክ የወጣ አንድ ዕቃ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጧል እንበል፤ ከሥሩም «ዋዝ አኳየርድ ኢን 1868» የሚል መግለጫ ተጽፏል እንበል። ሰዋስዉ እንከን የለውም። ዓመቱም ትክክል ነው። ነገር ግን አድራጊው የለም፤ ግሡም «ተገኘ» ወይም «ገቢ ሆነ» የሚል ለስላሳ ግሥ ነው። ተማሪው በዚህ ቦታ ሁለት ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል። በማን? ግሡስ ትክክለኛው ግሥ ነውን? በ«አኳየርድ» ፈንታ «ዋዝ ቦት»፣ «ዋዝ ቴክን»፣ «ዋዝ ሉትድ» የሚሉትን እየተኩ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚናገርና ምን እንደሚደብቅ መመዘን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚገባው ሥራ ነው። ሆልምስ በጨረታ ስለ ገዛ «ተገዛ» ማለት ሐሰት አይሆንም፤ ነገር ግን ሻጩ ዕቃውን ከየት እንዳመጣው ሳይናገር ያልፋል።

እዚህ ላይ ፍርዳችን እንዳይዛነፍ አንድ ነገር ልጨምር። ጥፋቱ የተደራጊ ግሥ አይደለም። «ግምጃ ቤቱ በእንግሊዝ ወታደሮች ተዘረፈ» የሚለውም ተደራጊ ነው፤ ምንም ግን አይሸፍንም። «ሙዚየሙ ዘውዱን አገኘ» የሚለው ደግሞ አድራጊ ግሥ ሆኖ ይሸፍናል። መግለጫም እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ሊታረም ይችላል። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም መቅደላ ከተያዘ 150 ዓመት በሞላበት በ2018 እ.ኤ.አ. ዕቃዎቹን ከመቅደላ ዘመቻ ታሪክ ጋር አያይዞ ለሕዝብ አሳይቷል።

የመመለስ ግሦችም አሉ፤ እነርሱን ማስተማር ተስፋን ከሰዋስው ጋር ያስተምራል። ዐፄ ዮሐንስ በ1872 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ኩርዓተ ርእሱን ጠየቁ፤ አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተመለሰም። በፋሺስት ኢጣልያ በ1937 እ.ኤ.አ. የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2005 ተመለሰ፤ በ2008 በቦታው ተተከለ። ከጎረቤታችን ከላሊበላ በ1997 እ.ኤ.አ. የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል ለአንድ የቤልጅግ ቅርስ ሰብሳቢ ተሽጦ ከቆየ በኋላ በ2001 ተመልሷል። «ዋዝ ስቶለን»፣ «ዋዝ ሶልድ»፣ «ዋዝ ሪተርንድ»፤ በሦስት ግሥ አንድ ሙሉ ታሪክ ተነገረ። «ሃዝ ኖት የት ቢን ሪተርንድ» የሚለውን የ«ፐርፌክት» ቅርጽ ደግሞ ስለ ኩርዓተ ርእሱ ከመናገር በላይ የሚያስታውስ ምሳሌ አይገኝም።

ሠሪና አሠሪ

የውጭውን መግለጫ በዚህ መልክ የምንመረምር ከሆነ፣ የራሳችንንም መመርመር ይገባናል። «ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ሠራ»፣ «ፋሲለደስ ግንቡን ሠራ» እንላለን። በእንግሊዝኛም «ዋዝ ቢልት ባይ» ብለን የንጉሡን ስም እናስከትላለን። «በማን» ለሚለው ጥያቄ መልስ የተሰጠ ይመስላል። ነገር ግን መሮና መዶሻ የያዘው እጅ የማን ነበር? የተጠራው አሠሪው ነው፤ ሠሪው አልተጠራም። «ባይ» አድራጊን መግለጥ ብቻ ሳይሆን፣ በአንዱ ስም ሌላውን ሊጋርድም ይችላል።

የአማርኛና የግእዝ አዕማድ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ባለጸጋ ናቸው፤ ሠራን ከአሠራ፣ ሳለን ከአሳለ፣ ጻፈን ከአጻፈ በአንዲት ፊደል ይለያሉ። የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎችም በመጨረሻው ገጽ የጻፈውንና ያስጻፈውን ለይተው የመጥራት ልማድ ነበራቸው። እንግሊዝኛ ይህን ለማለት «ዋዝ ኮሚሽንድ ባይ» ለአሠሪው፣ «ዋዝ ሜድ ባይ» ለሠሪው፣ «ዋዝ ሜድ ፎር» ደግሞ ለተሠራለት ያውላል። ተማሪው እነዚህን ሦስቱን ሲለይ የእናቱን ሞሰብ በአዲስ ዓይን ያየዋል። ሞሰቡን የሰፋችው አያቱ ብትሆን፣ መግለጫው ላይ ስሟ ሊጻፍ ይገባል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶች፤ የብዙ ባለሙያዎቻችን ስም ግን ከሥራቸው ቀድሞ ተቀብሯል። በሸክላ፣ በሽመና፣ በብረት ሥራ የኖሩት ሰዎች በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲናቁ እንደ ነበር እናውቃለን። ስማቸው ያልተጠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በክፍል ውስጥ እንዴት ይሠራ?

የምመክረው አሠራር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በአራት ክፍለ ጊዜ ሊፈጸም ይችላል።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ዕቃ፣ ሊያመጣው የማይችለውን ደግሞ በሥዕል ይዞ ይመጣል። ዕቃዎቹ በክፍሉ አንድ ጥግ በጠረጴዛ ወይም በሰሌን ላይ ይደረደራሉ። ይህ የክፍሉ ሙዚየም ነው። ቃላት የሚሰጡት በዚህ ጊዜ ነው፤ የተጠረበ፣ የተሳለ፣ የተፈተለ፣ የተሰፋ፣ የተቀረጸ፣ ከእሳት የወጣ።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ከ«ሜድ» ጋር የሚሄዱትን ትንንሽ ቃላት ይለያሉ። ጀበናው ከሸክላ ነው፤ ሸክላነቱ ስለሚታይ «ሜድ ኦቭ» ይባላል። ብራናው ከፍየል ቆዳ ነው፤ ቆዳነቱ ስለ ተለወጠ «ሜድ ፍሮም» ይባላል። በእጅ ሲሆን «ሜድ ባይ ሃንድ»፣ በቦታ ሲሆን «ሜድ ኢን ሰቆጣ»፣ ለአገልግሎት ሲሆን «ሜድ ፎር» ይሆናል። ተማሪው የአማርኛውን «ከ» እና «በ» ለብዙ ቦታ የሚያውል ስለ ሆነ፣ ይህ ክፍለ ጊዜ ሊጣደፍ አይገባም።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ስለ ዕቃው አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው መግለጫ ይጽፋል። ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? መቼ ተሠራ? በማን ተሠራ? እንዴት እዚህ ደረሰ? የማያውቀውን እንዲፈጥር አይፈቀድለትም። አያቱን ጠይቆ ይመጣል፤ ካልተገኘም «ኢዝ ኖት ኖውን» ብሎ ይጽፋል። ዓመቱንም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር እንዲጽፍ ብናደርገው፣ የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት እግረ መንገዱን ይማራል።

በአራተኛው ክፍለ ጊዜ መግለጫዎቹ ይለዋወጣሉ። አንዱ የሌላውን መግለጫ አንብቦ፣ አድራጊው ባልተጠራበት ቦታ ሁሉ ከሦስቱ ዝምታዎች የትኛው እንደ ሆነ በዳር ይጽፋል። አያስፈልግም፣ አይታወቅም፣ ተደብቋል። የእኔ ልምድ የሚያሳየው፣ ተማሪዎች የ«ዋዝ»ና የ«ወር» ስሕተታቸውን ከዚህ ይበልጥ በትጋት የሚያርሙበት ጊዜ እንደሌለ ነው፤ የሚያርሙት የቤታቸውን ዕቃ ስም ነውና።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ቅርሶች ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወደ መስቀለ ክርስቶስም ሆነ ወደ ሌላ ደብር ተማሪ ይዞ የሚሄድ መምህር አስቀድሞ የአለቃውን ፈቃድ ይጠይቅ፤ የማይነካው አይነካ፣ የማይገለጠው አይገለጥ። ታቦት የሙዚየም ዕቃ አይደለም። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት 11 የመቅደላ ታቦታት ለሕዝብ እንዳይታዩ ተዘግቶባቸው መቀመጣቸው ይህን እዚያም እንደሚያውቁት ያሳያል፤ የሚያውቁትን ነገር ለምን እንደያዙት መጠየቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ ጥበቃም ቢሆን የተማሪዎች መግለጫ ጥቅም አለው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ያልተመዘገበ፣ ያልተገለጸ መስቀል ሲሰረቅ የእኛ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። ልጆቻችን ዛሬ ስለ ጀበና የሚለማመዱት አጻጻፍ ነገ ለመዝጋቢው ባለሙያ የሚያስፈልገው ያው አጻጻፍ ነው።

የክፍለ ጊዜው ጥበት፣ የተማሪው ብዛት፣ የፈተናው ጫና እንደሚነሣ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ሃያ ዓረፍተ ነገር የመገልበጡን ልምምድ ወደ አምስት እናውርደው፤ የተረፈውን ጊዜ ለመግለጫው እናውለው። ፈተናው የሚጠይቀው ቅርጽ በመግለጫው ውስጥ ሁሉ አለ፤ የአሁን ጊዜ፣ ያለፈ ጊዜ፣ «ፐርፌክት»፣ ከ«ባይ» ጋርና ያለ «ባይ»። የሚጎድል ቅርጽ ካለ በአምስቱ ይሟላል።

የተከበራችሁ መምህራን፤ የዛሬው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነገ ሐኪም፣ ዳኛ፣ ሹም ወይም ጋዜጠኛ ይሆናል። በየሄደበት «ስሕተት ተፈጽሟል»፣ «ውሳኔ ተላልፏል»፣ «ገንዘቡ ወጪ ሆኗል» የሚሉ ጽሑፎች ይጠብቁታል። በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ በአንድ ጀበናና በአንድ ዘውድ ላይ «በማን?» ብሎ መጠየቅን የለመደ ልጅ፣ በእነዚያም ፊት ይጠይቃል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የምለምነው አንድ ነገር ነው። እስከ ሚቀጥለው ስብሰባችን ድረስ ተማሪዎቻችሁ በኽምጣንጋ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የጻፏቸውን አሥር መግለጫዎች ይዛችሁ ኑ፤ ከእያንዳንዱም ሥር ዕቃውን የሠራው ሰው ስም፣ ከታወቀ፣ ይጻፍ።